ቦታው ምን ይከለክላል? ለወጣት ደራሲ የተሰጠ ምክር

ልጄ፣ ረጋ ብለህ ስማኝ። አጭር ልቦለድ ለመጻፍ ከሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው በእጅህ አለ። ቋንቋህ ያምራል፤ ሰው ሲናገር ጆሮህን ትሰጣለህ፤ ሌሊቱን ተቀምጦ መጻፍም አይከብድህም። ችላ የምትለው ሰዎችህ የቆሙበትን መሬት ነው። መግቢያው ላይ ስለ ፀሐይ መጥለቅና ስለ ባሕር ዛፍ አንድ አንቀጽ ታወራለህ፤ ከዚያ በኋላ ፀሐዩም ዛፉም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነሱ ታሪኩ ያልቃል። ሰዎችህ ቤት ውስጥ ይሁኑ ደጅ፣ ክረምት ይሁን በጋ አንባቢው አያውቅም። መቼት ታሪኩ ካለቀ በኋላ የሚደረብለት ጌጥ ይመስልሃል። እኔ ግን እልሃለሁ፤ ሰው ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን እንደማይችል የሚወስኑት ጊዜና ቦታ ናቸው። ሴራ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው፤ የሰው ጠባይም የሚለየው እዚያው ነው። የወጣቶችን ረቂቅ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝና ያየሁትን በተራ ልንገርህ።

1. መጻፍ ከመጀመርህ በፊት «ይህ ቦታ ምን ይከለክላል?» ብለህ ጠይቅ። ምን እንደሚመስል በኋላ ትደርስበታለህ። አንዲት ያላገባች ልጅ አረገዘች እንበል። የምትኖረው አራት አባወራ በአንድ ቧንቧና በአንድ ሽንት ቤት በሚጠቀምበት የቀበሌ ቤት ግቢ ከሆነ ምስጢሯን መደበቅ አትችልም። ጠዋት ጠዋት ሲያስመልሳት ጎረቤት ይሰማል፤ የቡናው ሽታ እንዳስጠላት ይታወቃል፤ ሳምንት ሳይሞላ ወሬው እናቷ ጆሮ ይደርሳል። ታሪክህ የሐሜት፣ የሽምግልናና የእናት አንገት መድፋት ታሪክ ይሆናል። ያችኑ ልጅ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አስቀምጣት። በሯን ከዘጋች ወራት ቢያልፉም የሚጠይቃት ላይኖር ይችላል፤ ምጥ ሲመጣባት ግን ደግፎ ደረጃውን የሚያወርዳት ሰው የለም። ግቢው መደበቅን ከለከላት፤ ፎቁ ጎረቤትን ከለከላት። ልጅቷ አንድ ናት፤ ታሪኩ ግን ሁለት ሆነ። ጠባይዋም የሚታየው ክልከላውን በምታልፍበት መንገድ ነው፤ ትዋሻለች? ትሸሻለች? ወይስ በሯን ከፍታ «አዎ» ትላለች?

2. ታሪክህን ከቦታው ነቅለህ ሌላ ቦታ ትከለው፤ ምንም ካልጎደለበት ገና አልጻፍከውም። አሜሪካዊው ጃክ ለንደን በ1908 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን፣ እሳት ለማንደድ ስለሚታገል ሰው የሚተርከውን አጭር ልቦለድ አስብ። ሰውየው ከአንድ ውሻ በቀር ተከታይ ሳይኖረው በዩኮን በረዶ ላይ ይጓዛል። ብርዱ በፋራናይት ከዜሮ በታች 75 ነው፤ በእኛ መለኪያ ከዜሮ በታች 59 ዲግሪ ያህል። አገሩን የኖረበት ሽማግሌ በእንዲህ ያለ ብርድ ማንም ብቻውን እንዳይሄድ አስጠንቅቆት ነበር፤ አልሰማውም። እግሩ ውሃ ውስጥ ይገባና ይረጥባል። እሳት ያነዳል፤ ያነደደው ግን ቅርንጫፎቹ በረዶ በተሸከሙ ዛፍ ሥር ነውና በረዶው ተንዶ ያጠፋበታል። ከዚያ ወዲያ ጣቶቹ ክብሪት አልይዝ ይላሉ። የሰውየውን ትምክህት አደባባይ ያወጣው ብርዱ ነው። ሞቃት አገር ብትወስደው ያው ሰው በሰላም ቤቱ ገብቶ ራቱን ይበላ ነበር፤ ትምክህቱንም ማንም ሳያውቅበት ይኖር ነበር። እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ ያሉት አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ሰው አይተው ነው።

3. በሩን ማን እንደሚያልፍ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ሳታውቅ ሰው ወደ ቤት አታስገባ። ቤት ሁሉ ያልተጻፈ ሕግ አለው። አንዱ በዋናው በር ይገባል፣ ሌላው በጓሮ ይዞራል፤ አንዱ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። በ1958 ዓ.ም የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ረጅም ልቦለድ ቢሆንም ለአጭሩም ያስተምራል። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ባል እያጡ እቤት አስቀምጠዋታል። የድኃ ገበሬ ልጅ የሆነው በዛብህ ባል ሆኖ በዚያ በር ሊገባ አይችልም፤ አስተማሪ ሆኖ ግን ይገባል። ፍቅሩ የተወለደው ቤቱ በፈቀደለት በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ነው፤ መከራው የመጣውም ቤቱ ከዚያ በላይ ስላልፈቀደለት ነው። መውጫውንም አትርሳ። ፈረንሳዊው ጊ ደ ሞፓሳን በ1884 እ.ኤ.አ. በጻፈው የአንገት ሐብል ታሪክ፣ ማቲልድ በውሰት ሐብል አጊጣ በአንድ ሚኒስቴር ግብዣ ላይ ስትደምቅ ታመሻለች። ስትወጣ ሌሎቹ ሴቶች የክብር ካፖርታቸውን ይደርባሉ፤ የእሷ መደረቢያ ተራ ነው። እንዳያዩባት ተጣድፋ ትወጣለች፤ በብርድና በጨለማ ሠረገላ ፍለጋ ትንከራተታለች፤ እቤት ስትደርስ ሐብሉ አንገቷ ላይ የለም። ሐብሉን ለመተካት በተገባው ዕዳ አሥር ዓመት ደከመች። ግብዣው መግባቷን ፈቀደ፤ ደጃፉ ኑሮዋን አጋለጠ።

4. ወቅትን እንደ ቦታ አክብር። በእኛ አገር ጊዜም ይከለክላል። ሰርግ በጥር የሚበዛው ዐቢይ ጾም ሳይገባ ለመድረስ ነው፤ ጾሙ ከገባ ለ55 ቀን ኦርቶዶክሱ አይድርም። ስለዚህ ሁለት ቤተሰቦች ሰርጉ ሊደርስ ሲል በጥሎሽ ቢጣሉ፣ ሽማግሌዎቹ የቀራቸው ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። ያ የቀን ማነስ ታሪክህን ከኋላው ይነዳዋል፤ አንተ መግፋት አይጠበቅብህም። በሐምሌ ወንዝ ሲሞላ፣ ማዶ ያለች እናት የታመመች እንደሆነ ልጇ ዳር ቆሞ ውሃው እስኪጎድል ይጠብቃል፤ ያኔ ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ ይታያል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ነበር። ሰው ቤት አምሽቶ ሰዓቱ ያለፈበት እንግዳ እስኪነጋ መውጣት አይችልም ነበር። የማይዋደዱ ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል እንዲያነጉ ከፈለግህ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ከየት ታመጣለህ? «ከዕለታት አንድ ቀን» ብለህ ስትጀምር ይህን ሁሉ ሀብት መንገድ ላይ ጥለኸው ትሄዳለህ።

5. ዓመተ ምሕረቱን ለራስህ ቁረጥ፤ ባትጽፈው እንኳ እወቀው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው፤ በ1995 ዓ.ም የሚኖረውን ሰውህን ባቡር ብታሳፍረው አንባቢህ እዚያው ላይ ያምጽብሃል። ብዙው የፒያሳ ክፍል በ2016 ዓ.ም ፈርሷል። እዚያ ተወልዶ ባሕር ማዶ የከረመ ሰው ዛሬ ቢመለስ የልጅነቱን በር ፈልጎ ላያገኘው ይችላል፤ ይህ አንድ ሙሉ ታሪክ ይወጣዋል። ከሁሉ በላይ ስለ ስልክ አስብ። ሞባይል በየኪሱ ሳይገባ በፊት ሰው ተቀጣጥሮ ይተላለፍ ነበር፤ ደብዳቤ ዘግይቶ ይደርስና የሰው ዕድል ይበላሽ ነበር። ዛሬ ያንን ሴራ ብትጽፍ አንባቢው «ታዲያ ለምን አልደወለላትም?» ይልሃል፤ እውነቱንም ነው። ወይ ዘመኑን ወደ ኋላ መልሰው፣ ወይ ስልኩን ዝም የሚያሰኝ ምክንያት ከቦታው አውጣ፤ ኔትወርክ የማይደርስበት ቆላ አለ፣ ስልክ በር ላይ የሚቀማበት እስር ቤት አለ። በአንተ ፈቃድ ብቻ ባትሪ አይለቅበት።

6. ሰዓት የሚቆጥር ቦታ ምረጥ። አጭር ልቦለድ ለመንዘላዘል ጊዜ የለውም። ኧርነስት ሄሚንግዌይ በ1927 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ ነጭ ዝሆን ስለሚመስሉ ኮረብቶች የሚነሳበት ታሪክ ከጥቂት ገጽ አያልፍም። ቦታው በስፔን በኤብሮ ሸለቆ፣ በሁለት ሐዲዶች መካከል ያለ ባቡር ጣቢያ ነው። ከባርሴሎና የሚመጣው ባቡር በ40 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል፤ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ወደ ማድሪድ ይቀጥላል። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ቢራ ይጠጣሉ፤ ስለ ፅንሷ ይነጋገራሉ፤ ነገሩን ግን በስሙ አይጠሩትም። በአንዱ ወገን ዛፍና ጥላ የሌለው ደረቅ መሬት፣ በሌላው ወገን እህል የቆመበት ማሳና ወንዝ አለ። ደራሲው «ምርጫ ላይ ናቸው» ብሎ አልጻፈም፤ ጣቢያው ተናግሮለታል። በአገርህም እንዲህ ያለ ቦታ ሞልቷል። የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሳይነጋ የሚነሳበት መናኸሪያ አለ፤ የሆስፒታል የመጠየቂያ ሰዓት አለ፤ የወፍጮ ቤት ወረፋ አለ። ሁለት ሰዎችን እዚያ አቁምና አንድ ያልተነገረ ነገር በመካከላቸው አስቀምጥ። የቀረውን ሰዓቱ ይሠራልሃል።

7. ቦታህን አጥብብ። ኤድጋር አለን ፖ በ1846 እ.ኤ.አ. ስለ ድርሰት በጻፈው መጣጥፍ፣ አንድ ድርጊት ኃይል እንዲኖረው የታጠረ ጠባብ ስፍራ እንደሚያስፈልገው አስረድቷል። በዚያው ዓመት በአሞንቲያዶ ወይን ጠጅ ስለ ተታለለ ሰው ያሳተመው ታሪክ ይህንኑ በሥራ ያሳያል። በቀለኛው ጠላቱን ከአደባባዩ የበዓል ግርግር ነጥሎ አጽም ወደ ሞላበት ምድር ቤት ይወስደዋል። በዓሉ ሁለት ነገር አድርጎለታል፤ ጠላቱን አስክሮለታል፣ አሽከሮቹንም ከቤት አስወጥቶለታል። ከዚያ በኋላ መንገዱ እየጠበበ ይሄዳል፤ መጨረሻው ግንብ ነው። አንተ ግን በስድስት ገጽ ውስጥ ሰውህን ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሐዋሳ ታመላልሰዋለህ። አንድ ቦታ በቂ ነው። ሁለት ካስፈለገህ ሁለቱ ይጋጩ። የአንቶን ቼኾቭን ባለ ውሻዋን ሴት አስታውስ፤ በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። ያልታ የባሕር ዳር መዝናኛ ናት፤ ማንም ማንንም አያውቅም፤ ፍቅሩ ቀላል ነው። ጉሮቭ ሴትዮዋን ፍለጋ ወደምትኖርበት ትንሽ ከተማ ሲሄድ ግን ከቤቷ ፊት ለፊት ሚስማር የተሰካበት ረጅም ግራጫ አጥር ይጠብቀዋል። ያልታ የፈቀደችውን ያ አጥር ከለከለ፤ ጉሮቭም ፍቅሩ የምር መሆኑን የተረዳው ክልከላው ሲመጣ ነው።

8. ቦታውን በሰውህ ዓይን እንጂ በአንተ ዓይን አታሳይ። «መርካቶ በሰው ተጨናንቃለች» የሚለውን ማንም ይጽፈዋል። ሸክም የተሸከመ ሰው መርካቶን የሚያያት በዳገቷና በጭቃዋ ነው፤ ጀርባው ሸክሙን የት እንደሚያሳርፍ ያስባል። ነጋዴው የትኛው ሱቅ ሳይከፈት እንደዋለ ያያል፤ ባለቤቱ ታሞ ይሆን ወይስ ከስሮ እያለ ያሰላል። እናቱ የጠፋችበት ሕፃን የሚያየው ጉልበትና ቀሚስ ብቻ ነው። አየህ፣ ቦታውን ስትገልጽ ሰውየውንም አብረህ ገለጽከው፤ «ድኃ ነበር»፣ «ስግብግብ ነበር» እያልክ መድከም አያስፈልግህም። ሁለት ወይም ሦስት የተመረጠ ዝርዝር ይበቃል። ከዚያ በላይ ስትቆልል አንባቢው ዘሎህ ያልፋል፤ ብቻህን ትቀራለህ።

9. ንግግሩን ከቦታው ጋር አስማማ፤ አለዚያ ሆነ ብለህ አጋጨው። እኛ ሁሉንም ነገር ሁሉም ቦታ አንናገርም። በቡና ላይ የሚወራ አለ፤ በእድር ስብሰባ የሚባል አለ፤ ታክሲ ውስጥ ለማያውቁት ሰው የሚተነፈስ አለ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ስለዚህ ጠላ ቤት ምስጢር ቢወጣ ማንም አይደነቅም። አሁን የውርስ ጸብ ያለባቸውን ሁለት ወንድማማቾች ውሰድ። ጠላ ቤት ብታጣላቸው ተራ ጸብ ነው። የአባታቸው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። እዚያ ድምፅ ከፍ ማድረግ ነውር ነው፤ ሰው እየገባ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው አሜን ማለት አለባቸው። በዚህ መካከል በሹክሹክታ «የመሬቱ ካርታ የት ነው?» ያለው ማን እንደሆነ ስትነግረኝ ሰውየውን አወቅሁት። ድንኳኑ ጩኸቱን ስለከለከለ አንዷ ሹክሹክታ ከብዙ ጩኸት በላይ ተሰማች።

10. ሰማዩን ለሐዘን አታስለቅስ። ሰው ሲሞት ዝናብ፣ ሰው ሲፋቀር ጨረቃ እያልክ አትጻፍ። የአየር ጠባይ በታሪክ ውስጥ ሥራ ይኑረው፤ መንገድ ይዝጋ፣ እንግዳ ያሳድር፣ ገበያ ይበትን። ቼኾቭ በ1886 እ.ኤ.አ. ልጁ ስለሞተበት ስለ ባለ ሠረገላው ኢዮና የጻፈውን አንብብ፤ አንብበህም ከሆነ ድገመው። ምሽት ነው፤ በረዶ ይወርዳል፤ ሽማግሌውና ፈረሱ በረዶ ለብሰው ይቆማሉ። በረዶው የሽማግሌው እንባ ምሳሌ ሆኖ አልገባም። በእንዲህ ያለ ምሽት ቆሞ የሰው ሐዘን የሚሰማ አይገኝም። ሠረገላውንም አስተውል። ኢዮና ጀርባውን ለተሳፋሪው ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው፤ ስለ ልጁ ለመናገር መዞር አለበት፤ ሲዞር «መንገድህን እይ» ይሉታል፤ ሳይጨርስ ደግሞ ተሳፋሪው ወርዶ ይሄዳል። ሰው በሞላበት ከተማ አንድ ሰሚ አጥቶ በመጨረሻ ሐዘኑን ለፈረሱ ይነግራል። የታሪኩ መንገድ በሙሉ ከሠረገላው አቀማመጥ የወጣ ነው። ኢዮናን የቀዬው ለቅሶ ቤት ብታስቀምጠው ጎረቤት ከቦት ታሪኩ በመጀመሪያው ገጽ ያልቅ ነበር።

11. ክፉ ነገር ሁልጊዜ ጨለማ ውስጥ አይፈጸም። ሸርሊ ጃክሰን በ1948 እ.ኤ.አ. ስለ አንድ የመንደር ዕጣ የጻፈችው ታሪክ ጥርት ባለ የሰኔ ጠዋት ይጀምራል። አበባ አብቧል፤ ሕዝቡ 300 ያህል ነው፤ ልጆች ድንጋይ ይሰበስባሉ፤ ዕጣው ቶሎ አልቆ ሁሉም ለምሳ እቤቱ ይደርሳል። ድንጋዩ ለምን እንደተሰበሰበ የምታውቀው መጨረሻ ላይ ነው፤ ዕጣ የወጣባት ሴት በጎረቤቶቿ ትወገራለች። መንደሩ ጨለማና አስፈሪ ተደርጎ ቢሳል አንባቢው «እነዚህ ሌሎች ናቸው» ብሎ ያልፍ ነበር። የለመደውን ፀሐይ፣ የለመደውን አደባባይ ስላየ ግን ነገሩ ወደ ራሱ ደጅ ይመጣበታል። አንተም ጭካኔ ስትጽፍ አንድ ጊዜ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሚስቅበት ግቢ ሞክረው።

12. ሰውህን ከለመደበት አውጥተህ እየው። ሰው በአገሩ ጠባዩን ከልማዱ ለይተህ አታውቅለትም፤ ልማዱ የማይሠራበት ቦታ ሲደርስ ይለያል። ወደ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ለቤት ሥራ የሄዱ ልጆቻችንን አስብ። ከፋላ በሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት የአንዲቷ ልጅ የመኖሪያ ፈቃድ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፓስፖርቷም እንዲሁ። በመንደሯ ጸብ የምታበርድ፣ ገበያ ወጥታ የምትከራከር ልጅ እዚያ በጥቂት የዐረብኛ ቃል ትታዘዛለች። የማይከለከለው ነገር ምንድን ነው? ምናልባት ስልኩ። ለእናቷ በቪዲዮ ስትደውል ከጀርባዋ የሚታየውን ግድግዳ ትመርጣለች፤ የምትተኛበት ጠባብ ክፍል እንዳይታይ ሳሎኑ ባዶ እስኪሆን ትጠብቃለች። የዚያን ግድግዳ ነገር በደንብ ብትጽፈው ፍቅሯንም ኩራቷንም ብቸኝነቷንም አብረህ ጻፍከው። ዋሽንግተን በሌሊት ታክሲ የሚነዳው መምህር፣ ከገጠር መጥቶ ሊፍት ውስጥ የቆመው አባትም እንዲሁ ናቸው። አዲስ ቦታ አዲስ ሰው አይፈጥርም፤ ተሸፍኖ የኖረውን ይገልጣል።

13. ሄደህ እይ፤ የሰው ቦታ አትበደር። ፊልም አይተህ ምድጃ ውስጥ የሚንቀለቀል እሳትና በመስኮት የሚታይ በረዶ አዲስ አበባ ውስጥ አታምጣ። የእኛ ደጋ የራሱ ውርጭ አለው፤ ቆላው የራሱ ወበቅ አለው። በአፋር በረሃ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለ ምድር ጨው የሚቆርጥ ሰው አለ። ዩኮንን መቅዳት ምን ያደርግልሃል? ስለ ወፍጮ ቤት የምትጽፍ ከሆነ ሄደህ ወረፋ ያዝ። ስንት ሰዓት ይከፈታል? መብራት ሲጠፋ ሴቶቹ እህላቸውን ለማን አደራ ይሰጣሉ? ወፍጮው ሲጮህ በምልክት ነው ወይስ በጆሮ ሥር የሚነጋገሩት? ዱቄቱ የት የት ላይ ያርፋል? ከባለሙያው አፍ የዕቃውን ስም ስማ፤ ከመዝገበ ቃላት አትልቀም። ድሮ ስለ ነበረ ቦታ ከሆነ ደግሞ የኖሩበትን አረጋውያን ጠይቅ፤ ዛሬ ካልጠየቅህ ነገ ማን ይነግርሃል? አንድ ከሰዓት በኋላ ዝም ብለህ የተቀመጥክበት ቦታ ቤትህ ሆነህ ያላሰብከውን ሴራ ይሰጥሃል።

14. ስትጨርስ ቦታውን ተመልሰህ ጠይቀው። መጀመሪያ ላይ የከለከለውን አሁንም ይከለክላል? ሰውየው ክልከላውን አልፏል፣ ወይስ ተሰብሯል፣ ወይስ ለምዶት ተቀምጧል? ከሦስቱ አንዱ ካልሆነ ታሪክህ አልተንቀሳቀሰም፤ ሰዎች ብዙ አወሩ እንጂ ምንም አልደረሰም። አንዳንድ ጊዜ ቦታው ራሱ ይለወጣል፤ ግቢው ይፈርሳል፣ ወንዙ ይጎድላል፣ ባቡሩ ይደርሳል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሁሉም እንደነበረ ሆኖ የሰውየው ዓይን ይለወጣል፤ በየቀኑ ያልፍበት የነበረውን በር ዛሬ እንደ እንግዳ ያየዋል። ሁለቱም ያስኬዳል። የማያስኬደው ቦታውን መግቢያ ላይ ጠርተህ መደምደሚያው ላይ መርሳት ነው። አስተናግዶህ የኖረን ቤት ሳትሰናበት አትውጣ።

ልጄ፣ ምክር ሰምቶ ማድነቅ ቀላል ነው፤ አንተም ጥሩ አድማጭ ነህ። አሁን የምፈልገው ሥራህን ነው። የመጨረሻውን ረቂቅህን አውጣና መቼቱን የገለጽክባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ አስምርባቸው። አንድ ሰው ምን እንዳያደርግ ወይም ምን እንዲያደርግ ያስገደዱትን አስቀር፤ ሌሎቹን ሰርዝ። ምንም የማይቀርልህ ከሆነ አትዘን። ወደ ቦታው ሂድ፣ ተቀመጥ፣ እይ፣ ጠይቅ፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምረህ ጻፈው። የእኛ አገር ቦታዎች፣ ግቢዎቹም መናኸሪያዎቹም ድንኳኖቹም፣ ገና ብዙ ያልተጻፈ ታሪክ ይዘው ተቀምጠዋል። እነሱን የመጻፍ ዕዳ ያለብህ አንተና እኩዮችህ ናችሁ፤ አደራውን አትብላ።